የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ለምን ሮም ታተመ?

በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ አንድ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ታተመ። ገጹ መቶ አይሞላም። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። ዛሬ አብዛኞቻችን የምናውቀው በኋላ በወጣለት ስም ነው፤ «ጦቢያ»። የአማርኛ ልብ ወለድ ከየት ተነሣ ሲባል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደዚህ መጽሐፍ ነው።

ለምን ሮም? የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያኔ ጣሊያን ይኖሩ ስለነበር። እውነት ነው። ግን አያጠግብም። የዚያን ዘመን መጻሕፍት ደርድሩና የታተሙበትን ቦታ ብቻ እዩ። አስመራ አለ። ምፅዋ አጠገብ ያለችው ምንኩሉ አለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አካባቢ ያለ መንደር ሳይቀር አለ። አዲስ አበባ የምትመጣው ዘግይታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ሰፋ እናድርገው። የሀገራችን ቋንቋዎች ኅትመት ለምን ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል ገባ? ማተሚያው የቆመበት ቦታስ በሚጻፈው ነገር ላይ ምን ለውጥ አመጣ? በኔ ግምት ብዙ ለውጥ አመጣ። የዘመኑን ደራሲያን ከችሎታቸው ጎን ለጎን «ይህን የት ሆነው፣ በማን መኪና አሳተሙት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይፈታል።

ከመግባታችን በፊት ስለ ዓመት አንድ ማሳሰቢያ። የዚህ ዘመን መጻሕፍት ዓመት በየጽሑፉ ይምታታል። አንዱ 1900 ይላል፣ ሌላው 1908። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በእኛ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኔ በእኛው እሄዳለሁ። የአውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ከብራና ወደ እርሳስ

በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ሲባል ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል። ቁም ጸሐፊው በሸምበቆ ብዕር ፊደል በፊደል ይጥላል። አንድ ዳዊት ተጽፎ እስኪያልቅ ወራት ይሄዳል። ስለዚህ የሚጻፈው ነገር ድካሙን የሚመጥን መሆን ነበረበት፤ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ገድል፣ ድርሳን፣ የነገሥታት ዜና መዋዕል። ተረት ፈጥሮ ብራና ላይ የሚያሰፍር ሰው ቢኖር ቆዳ አባካኝ ነው የሚባለው።

ቋንቋውም በአመዛኙ ግእዝ ነበር። ለነገሥታት የተገጠሙ የጥንት የአማርኛ ግጥሞች አሉ። ያም ሆኖ አማርኛ ዋና ቦታው አደባባይ፣ ችሎት፣ ዘፈንና ፉከራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤያቸውን በአማርኛ ማስጻፋቸው፣ ደብተራ ዘነብም የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ መጻፋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታየ ትልቅ ለውጥ ነው። አማርኛ ወደ ወረቀት የሚወስደውን መንገድ ያኔ ጀመረ።

ኅትመቱስ? እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ችግር አለ፤ ፊደላችን ራሱ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ከዚያ ዲቃላዎቹ አሉ። የግእዝ ቁጥሮች አሉ። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም አለ። በዚያን ጊዜ አሠራር እያንዳንዷ ፊደል ከእርሳስ ቀልጣ የተሠራች ትንሽ ቁራጭ ናት። ፊደል ለቃሚው ቁራጮቹን ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀመ መሥመር ይሠራል፣ ከመሥመር ገጽ ይሠራል። አንድ ገጽ ላይ «ን» መቶ ጊዜ ብትመጣ መቶ የ«ን» ቁራጭ ሊኖራችሁ ይገባል። ይህን ሁሉ ማሠራት ገንዘብ ይጠይቃል። ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ማተሚያ ገዝቶ አማርኛ ማተም አይቻልም።

ታዲያ እነዚህ የእርሳስ ፊደላት መጀመሪያ የነበሩት የት ነው? እዚያው ሮም። የግእዝ ዳዊት ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ያሳተመው ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ እዚያው አሳትመዋል። ልብ በሉ፤ አፈወርቅ ሮም ሲደርሱ ከተማዋ የእኛን ፊደል በእርሳስ ካወቀችው ወደ 400 ዓመት ሊሞላት ነው። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበረች።

ሁለተኛው መንገድ ሚስዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ላዛሪስት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አንድ ቄስ ማተሚያ ይዘው ምፅዋ ወረዱ። ቆይቶ የስዊድን ወንጌላውያን ምንኩሉ ላይ የራሳቸውን አቆሙ፤ በኋላም ወደ አስመራ ወሰዱት። ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ ወንጌል ማዳረስ። ሥነ ጽሑፍ የመጣው በዚያ ላይ ተሳፍሮ ነው።

በዚህ መንገድ ከመጡት ሁሉ እኔን የሚገርሙኝ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ነጻ ወጥተው ምንኩሉ ከስዊድኖቹ ትምህርት ቤት ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። ውስጡ አስቴር ያሰባሰቧቸው ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉበት። ኦነሲሞስ የተረጎሙት ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ በግእዝ ፊደል። የሀገራችን የዘመናዊ ኅትመት ታሪክ ሲነገር እነዚህ ሁለቱ ግርጌ ላይ ተጥለው የሚቀሩበት ምክንያት አይገባኝም።

በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ

በዚሁ ጊዜ አዲስ አበባ ምን ይደረግ ነበር? ጋዜጣ ይጻፍ ነበር። «ይጻፍ» ያልኩት አውቄ ነው።

ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም የሚባሉ የሐማሴን ሰው ነበሩ። የጣሊያንን ቅኝ ግዛት ሸሽተው ወደ ምኒልክ ከተማ የመጡ ናቸው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በግጥም የተሞሉ ወረቀቶች በእጅ እያስጻፉ ያሠራጩ ነበር። ግጥሞቹ ሀገርን አንድ ስለማድረግ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ባዕድ አደጋ ይናገራሉ። ትንሽ ቆይቶ አንድርያስ ካቫዲያስ የተባሉ ግሪካዊ ነጋዴ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመሩ። ስሙን «አእምሮ» ብለው ያወጡለት ምኒልክ ናቸው ይባላል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች በእጅ ተገልብጠው በ24 ቅጂ ይወጡ ነበር። ሃያ አራት! ዛሬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከዚህ ይበልጣል። ኋላ በማባዣ መሣሪያ ቅጂው ጨመረ።

ግን በቁጥሩ መሳቅ ብቻ አይበቃም። 24 ቅጂ ማለት ቤተ መንግሥትና በዙሪያው ያሉ መኳንንት ማለት ነው። አንባቢው በስም ይታወቃል። ጸሐፊውም በስም ይታወቃል። አንዲት ቃል ብታሻክር ማታውኑ ትሰማለች። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ምን ዓይነት ነገር እንደሚጽፍ መገመት አይከብድም።

አፈወርቅ፦ ሦስት መጽሐፍ፣ ሦስት ፊት

አሁን ወደ ሮም እንመለስ።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 ጣና ዳር፣ ዘጌ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርትና የሥዕል ሙያ ነበራቸው። ከእቴጌ ጣይቱ ቤት ጋር ዝምድና ነበራቸው፤ የእንጦጦ ራጉኤልን ሥዕል ሠርተዋል። ጣሊያን ሄደው ሥዕል ተማሩ፣ ተመለሱ። ቀጥሎ ተማሪዎች አስከትለው ስዊዘርላንድ ሄዱ። ከዚያ የዐድዋ ጦርነት ሰሞን ትተው ወደ ጣሊያኖች ወገን ገቡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሀገር ላይ የተሠራ ነገር ነው፤ ስማቸውንም እስከ ዛሬ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ናፖሊ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ የሚያስተምሩ ሰው ሆኑ።

ለምን አማርኛ ናፖሊ ውስጥ? ጣሊያን ኤርትራን ይዛለች። ሹማምንትና መኮንኖች ቋንቋ መማር አለባቸው። ለመማር ደግሞ ሰዋስው፣ መነጋገሪያ መጽሐፍና የሚነበብ ታሪክ ያስፈልጋል። አፈወርቅ የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ ጽፈዋል። «ልብ ወለድ ታሪክ»ም የወጣው ከዚሁ ዓለም ነው። ማለት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከታተመበት ቦታ አንጻር የመጀመሪያ አንባቢዎቹ አማርኛ ለመማር የሚንተባተቡ ፈረንጆች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመዋጥ ይከብዳል፣ ግን ነው።

ታሪኩ ምንድን ነው? በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል ጦርነት ይነሣል። አንድ የክርስቲያን ደጃዝማች ይማረካል፣ ባሪያ ይሆናል። አንድ ደግ ነጋዴ ነጻ የሚወጣበትን ገንዘብ ይሰጠዋል። ነጋዴው ስሙን እንኳ በቅጡ ሳያስታውቅ መንገዱን ይቀጥላል። ደጃዝማቹ መንታ ልጆች አሉት፤ ዋሕድ ወንዱ፣ ጦቢያ ሴቷ። ዋሕድ «የአባቴን ባለ ውለታ ፈልጌ ካልካስኩ» ብሎ ይወጣል፤ እሱም በተራው በባርነት ይያዛል። አባትና ልጅ ይፈልጉት ገቡ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የምትሄደው። እነሱም በአረመኔው ንጉሥ ጦር እጅ ይወድቃሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት «ወንዱን» ጦቢያን ትወዳለች። ኋላ ሴትነቷ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ይወዳታል። ለእሷ ብሎ ክርስትና ይነሣል፣ ሕዝቡም ይከተላል። ጦቢያን ንጉሡ፣ የንጉሡን ዘመድ ዋሕድ አግብተው ታሪኩ በሠርግ ያልቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ አጋጣሚው ይበዛል። ሰው በፈለገበት ሰዓት የፈለገውን ሰው መንገድ ላይ ያገኛል። ሴት ልጅ ወንድ መስላ ያን ያህል መቆየቷም ማመን ይፈልጋል። ዛሬ አንድ ጀማሪ ይህን ታሪክ ይዞ ቢመጣ «ፊልም አበዛህ» እንለዋለን። ግን አፈወርቅን የሚያኖራቸው ሴራው አይደለም። አማርኛቸው ነው። የገጠሩን ሰው አነጋገር፣ ተረቱን፣ የመልክና የምድር አገላለጹን እንደ ልብ ያዝዙታል። ከግእዝ ጥላ ወጥቶ በራሱ እግር የሚሄድ የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ይህን ያህል ርዝመት ተጽፎ ሲገኝ አዲስ ነገር ነበር።

ታዲያ «ሮም ስለነበሩ እንዳሻቸው ጻፉ» ማለት ይቻላል? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በዚያው 1900 ዓ.ም. ሌላ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ አማርኛና ፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የያዘ የመንገደኛ መነጋገሪያ። ላይ ላዩን ሲያዩት «ፈረሱ የት አለ? ድንኳኑን ትከሉ» ዓይነት ነው። ውስጡ ግን መንገደኛው ፈረንጅና ኢትዮጵያዊው ሲጨዋወቱ የሀገሪቱን አስተዳደር እርቃኑን ያወጡታል። ወታደር ገበሬውን እንዴት እንደሚዘርፍ፣ መኳንንቱ እንዴት በሰው ላብ እንደሚኖሩ ያነሣሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያሳትም ሰው አልነበረም። ማተሚያው ሩቅ ነው፣ ብዕሩም ይደፍራል።

ዓመት ሳይሞላ ግን ሦስተኛው መጣ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ። ማተሚያው ያው ሮም ነው። ሰውየውም ያው ናቸው። ምኒልክን ግን ሰማይ ያደርሷቸዋል። ለማጉላት ሲባልም ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ያለ ርኅራኄ ይዘልፏቸዋል። ከዐድዋው ነገር በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ለመታረቅ ደጅ መጥናት ይመስላል። ስለዚህ ርቀት ድፍረት ይሰጣል ስንል ለሚፈልገው ሰው ነው። አፈወርቅ ድፍረትም ውዳሴም በአንድ አድራሻ አሳትመዋል።

ከአስመራ የመጣው መልስ

የምኒልክ ታሪክ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ መልስ አገኘ። መልሱ የመጣው ከአስመራ ነው። ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ አእምሮ እሳቸው ናቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1886 ዐድዋ አጠገብ ነው። አባታቸው መተማ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ወደቁ። ልጁ ምፅዋ ደርሶ መርከብ ላይ ተሳፈረና አውሮፓ ገባ፤ ኦስትሪያ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ እጅ አደገ፣ ተማረ። ተመልሰው ምኒልክ ግቢ አካባቢ ሠሩ። እቴጌ ጣይቱ ኃይላቸው በገነነበት ጊዜ ግን አዲስ አበባ አልመቻቸውም፤ ወጡ። በ1904 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፋቸው አስመራ፣ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ በወጣው «ብርሃን ይሁን» በተባለ መድበል ታተመ።

ጽሑፉ የሚጀምረው ታሪክ እንዴት መጻፍ እንዳለበት በመናገር ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ። የእኛ ጸሐፊዎች ግን በእነዚህ ይበድላሉ ይላሉ። ቀስቱ አፈወርቅ ላይም ያርፋል። አንዱን ንጉሥ ለማክበር ሌላውን ማዋረድ ታሪክ አይባልም ነው ነገሩ። በአማርኛ የታተመ አንድ መጽሐፍ በአማርኛ በታተመ ሌላ ጽሑፍ ሲተች ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሁለቱም የታተሙት ከምኒልክ ግዛት ውጭ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ የሚደረግ ክርክር ሮም ተጽፎ አስመራ ሲመለስ አስቡት።

ከዚያ ምክር ይመጣል። ቤተ መንግሥቱን ለሚረከበው ለልጅ ኢያሱ ዘመን የሚሆን ምክር ነው። ግብሩ ይወሰን። ሹምና ወታደር ደመወዝ ይቆረጥለት እንጂ ገበሬ ላይ አይጫን። ገንዘብና ሕግ ሥርዓት ይያዝ። ትምህርት ይስፋፋ። ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ። ዛሬ ሲነበብ የተለመደ ይመስላል። ያኔ ግን ማዕድ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ የሚነካ ነገር ነበር።

ቀጣዩ መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ የተለየ ዕጣ ነው የገጠመው። እሱ የኢኮኖሚ መጽሐፍ ነው። ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው፤ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው እውቀት ነው ይላል። እውቀት የሌለው ሕዝብ ቡናና ቆዳ ሰጥቶ ጨርቅና መሣሪያ ሲገዛ ልውውጡ እኩል አይደለም፤ የብዙ ሰው ድካም ሰጥቶ የጥቂት ሰው ድካም ይቀበላል። ባቡሩም ቢሆን የውጭውን ዕቃ ብቻ እያስገባ የሀገሬውን እጅ የሚያስፈታ ከሆነ ማበልጸጉ አጠያያቂ ነው። ይህን የሚመስል ሐሳብ በሌላው ዓለም የኢኮኖሚ ሊቃውንት ዘንድ መነጋገሪያ የሆነው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለት የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በ33 ዓመታቸው ሞቱ። መጽሐፉ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። የታተመውም አዲስ አበባ፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ማተሚያ ቤት ነው! ማተሚያው ወደ ግቢው ቀረበ፣ ሐሳቡ ግን ደፋር ነው። ታዲያ የኔ ነገር እዚህ ላይ ፈረሰ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። አንደኛ፣ ጸሐፊው ሞተዋል። የሞተ ሰው ሹመት አይቀማም፣ ደጋፊም አያሰባስብም። ሁለተኛ፣ ግብርን፣ ጉምሩክንና አስተዳደርን በመሀል መንግሥት ሥር ማጠቃለል ተፈሪም የሚፈልጉት ነገር ነበር። መጽሐፉ የሚወቅሰው የድሮውን አሠራር ነው፤ የድሮውን አሠራር የያዙት ደግሞ ባላንጣዎቻቸው ናቸው። ባለ ማተሚያው የሚተች ጽሑፍን ሁሉ አልከለከለም፤ የሚጠቅመውን መረጠ።

ማተሚያው ግቢ ሲገባ

ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ማተሚያ በ1914 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ስሙም ብርሃንና ሰላም ሆነ፤ ዛሬም በዚሁ ስም አለ። በዚሁ ስም የተጠራው ጋዜጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ ነበር። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ጃፓን ሥልጣኔ የሚከራከሩበት መድረክ ሆነ። ክርክሩ እውነተኛ ነበር። አጥሩ ግን ይታወቃል፤ የጋዜጣው ባለቤት አልጋ ወራሹ ናቸው።

በዚህ አጥር ውስጥ እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተመቸው ሰው የለም። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክህነት ወጥተው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። የጻፉት ይህን ያህል ነው ብሎ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ነው፤ ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ቅኔ፣ ምክር፣ ልብ ወለድ። «ጎሐ ጽባሕ» የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። ሁለት ሥራዎቻቸውን ብቻ ላንሣ። በ1904 ዓ.ም. በሀገሪቱ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። ይህ እንግዲህ ማንም «ደራሲ» ለመባል የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ የትኛው መጽሐፍ እንዳለን ሳናውቅ ሥነ ጽሑፍ አለን ማለት እንደማይቻል የገባው ሰው ሥራ ነው። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «ወዳጄ ልቤ» ወጣ። ሰው ከገዛ ልቡ ጋር የሚነጋገርበት ምሳሌያዊ ታሪክ ነው፤ የእንግሊዛዊው ጆን ቡንያን መንፈሳዊ ጉዞ ጥላ ያረፈበት።

ኅሩይ ሲመክሩ ማንም አይቆስልም። በ1923 ዓ.ም. ያወጡት ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የሚተርክ ልብ ወለድ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይነቅፋል። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ድምፁ ግን የአባት ነው። ይህን ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሚኒስትር ሆኖ ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ሌላ ድምፅ ከየት ያመጣል? ግን ከገብረ ሕይወት ጋር አከታትላችሁ ስታነቧቸው ልዩነቱ ይሰማችኋል፤ አንዱ ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ነው የሚጽፈው።

ማተሚያ የማይፈልግ ጽሑፍስ? ቴአትር አለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ያደጉና የተማሩ ሰው ናቸው። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ጻፉ። አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ ታየ። መድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ ተመልካቹ ግን የትኛው አውሬ ማን እንደሆነ አላጣውም። ሙስናና ስንፍና እየተቀለደባቸው ነው። ውጤቱ? ተውኔቱ ታገደ፤ ቴአትር ራሱ እስከ 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ድረስ ደህና ቀን አላየም።

መጽሐፍ በሣጥን ይደበቃል፣ በድንበር ይገባል፣ ደራሲው ሲሞት ይታተማል። ቴአትር ግን የተቀለደበት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያየው ነገር ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከተውኔት ይልቅ ቀድሞ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ማን ያነበው ነበር?

ጥቂት ሰው። ማንበብ የሚያስተምረው በዋናነት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዳዊት የደገመ ዲያቆን የታተመ አማርኛም ያነባል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፣ ማለት «ልብ ወለድ ታሪክ» በታተመበት ዓመት። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከፈተው ደግሞ በ1917፣ ከጋዜጣው ጋር። ቀሪው አንባቢ የሚስዮን ተማሪ፣ አስተርጓሚ፣ የጉምሩክና የባቡር ሠራተኛ ነው። የመጽሐፍ ገበያ የሚባል ነገር አልነበረም። መጽሐፍ የሚያሳትመው ባለ ሀብት፣ ሚስዮን ወይም መንግሥት ነው። አንባቢ የማይከፍልበት መጽሐፍ ደግሞ ለከፋዩ ማሰቡ አይቀርም።

ይህ ሁሉ በ1928 ዓ.ም. በወረራው ተቋረጠ። ኅሩይ ከንጉሡ ጋር ተሰደው እንግሊዝ ሀገር፣ ባዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ሞቱ። አፈወርቅ እንደገና ከጣሊያን ጎን ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ከነጻነት በኋላ ጅማ በግዞት ሳሉ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ዐረፉ። ተክለ ሐዋርያት ረጅም ዕድሜ ኖሩ፤ የሕይወት ታሪካቸው ግን መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ በ«ጦቢያ» ጀምሩ። አጭር ናት፣ ደጋግማ ታትማለች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አማርኛው ትንሽ ቢያደናቅፋችሁም አትተዉት፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ቶሎ ይከፈታል። ከዚያ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን ያዙ። እሱም አጭር ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይከብዳል፤ ስለ ንግድና ስለ ባቡር የሚናገሩትን ምዕራፎች አስቀድማችሁ ብታነቡ ሌላው ይቀላል። ከኅሩይ ግን «ወዳጄ ልቤ»ን ለሌላ ጊዜ አቆዩና ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የሚለውን የጉዞ መጽሐፋቸውን ፈልጉ። በ1924 ዓ.ም. የወጣ ነው። ብላቴን ጌታው መካሪነታቸውን ለጊዜው ትተው የሚደነቁበት መጽሐፍ እሱ ነው።